ላሊበላ፤ የተሳላሚዎች ከተማ አሠሪ

በየዓመቱ የታኅሣሥ ወር ከተጋመሰ በኋላ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ላስታ የሚያመሩት መንገዶች በተሳላሚ ይሞላሉ። ዛሬ አውቶቡስና አውሮፕላን ቢኖርም፣ ብዙዎቹ ስንቃቸውን በስልቻ ይዘው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ከፊሎቹም ስእለታቸውን ለመፈጸም ጫማቸውን አውልቀው፣ ለቀናትና ለሳምንታት በእግራቸው ይጓዛሉ። መድረሻቸው ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው የላሊበላ ከተማ ናት። የአገሩ ሰው የእንግዶቹን እግር አጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ይቀበላቸዋል። በልደት ዕለት ካህናቱ ከቤተ ማርያም ቅጥር ከዐለቱ አፋፍ ላይ ቆመው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ሲያሰሙ፣ ሕዝቡ ከታች በአደባባዩ ሆኖ ይቀበላል። በአገሩ ትውፊት ይህ ቀን የጌታ ልደት ብቻ አይደለም፤ ከተማዋ በስሙ የምትጠራበት ንጉሥም የተወለደው በዚሁ ዕለት ነው ይባላል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ ከስምንት መቶ ዓመት በኋላ ወደ ተራራው የሚጠራው ሰው ማን ነበር? የመጽሔታችን አዘጋጆች ለዚህ እትም የንጉሥ ላሊበላን ሕይወት እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄው የቀረበው ለታሪክ ሊቅ ሳይሆን ለመሐንዲስ መሆኑን አልዘነጋሁም። ስለ ላሊበላ የሚናገሩ ምስክሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ገድሉ፣ ሁለተኛው በዘመኑ የተጻፉ ጥቂት ሰነዶች፣ ሦስተኛው ደግሞ ዐለቱ ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከሊቃውንት ተምረን እንቀበላለን፤ ሦስተኛውን ግን የእኛ ሙያ ሊያነበው ይችላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እጠይቃለሁ።

ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደሆነ ሊቃውንት ይገምታሉ። እንደ ትውፊቱ ላሊበላ የተወለደው ያን ጊዜ ሮሐ ትባል በነበረችው በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ አባቱ ዛን ስዩም የዛጉዌ ነገሥታት ወገን ነበር። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ መጥቶ ስለከበበው፣ እናቱ ንቦቹ ንግሥናውን ዐወቁለት ስትል ስሙን ላሊበላ አለችው ይላል። ይህ ትንቢት ለልጁ ክብርን ብቻ ሳይሆን ጠላትነትንም አመጣበት። በዙፋኑ ላይ የነበረው ወንድሙ ሐርቤ ይሠጋው ጀመር፤ እኅቱም መርዝ አጠጣችው። ላሊበላ ሦስት ቀን እንደ ሙት ሆኖ ሲተኛ፣ መላእክት ወደ ሰማይ አውጥተው ከዐለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናትን አሳዩት፤ ወደ ምድር ተመልሶ እንደነዚህ ያሉትን እንዲሠራም ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ወደ በረሃ ተሰደደ፤ በስደቱም መስቀል ክብራን አገባ፤ በመልአክ መሪነትም ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ ተመለሰ። በመጨረሻ ወንድሙ ሐርቤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ ተረድቶ ዙፋኑን በገዛ እጁ አስረከበው።

ገድል የቅድስና ታሪክ ነው፤ የሚጻፈውም ለምእመናን ትምህርት እንጂ ለዘመን ቆጠራ አይደለም። ሆኖም በዚህ ትረካ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ሊያልፈው የማይገባ ነገር አለ። ላሊበላ ገና ሥራውን ሳይጀምር ሕንፃዎቹን በሙሉ ተጠናቀው አይቷቸዋል። ይህ በራእይ ቋንቋ የተነገረው ነገር፣ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ከዐለት ለሚያንጽ ሰው የግድ አስፈላጊ የሆነ የሙያ ሕግ ነው።

ወደ ሁለተኛው ምስክር ስንመጣ፣ ላሊበላ የተረት ሰው እንዳልሆነ በግልጽ እናያለን። በሺመዛና ለሚገኘው ለደብረ ሊባኖስ ገዳም በ1204 እና በ1225 በስሙ የተሰጡ የርስት ሰነዶች በገዳሙ ወንጌል ውስጥ ተመዝግበው ተገኝተዋል። ሲነገር በቆየው ልማድ ዘመነ መንግሥቱ ከ1181 እስከ 1221 ተብሎ ሲቆጠር፣ ሁለተኛው ሰነድ ግን ከዚያም በኋላ በዙፋኑ ላይ እንደነበረ ያመለክታል። የእስክንድርያ አባቶች ታሪክ የተባለው የግብፅ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍም በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከአደፋ ሆኖ የሚገዛውን ንጉሥ ላሊበላንና ንግሥቲቱን መስቀል ክብራን በስማቸው ይጠቅሳል። በተጨማሪም በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ስሙ የተቀረጸባቸው ከእንጨት የተሠሩ መንበረ ታቦቶች አሉ። ከእነዚህ ምስክሮች የሚታየን ሰው ርስት የሚያከፋፍል፣ ከግብፅ ጳጳስ የሚያስመጣ፣ በሩቅ ጠረፍ ያለውን ገዳም የሚያስታውስና ከባሕር ማዶ ጋር የሚላላክ ገዥ ነው። ያን ያህል የጉልበት ሥራ ለማሠራት ምግብን፣ ሠራተኛንና ጊዜን ማስተባበር የሚችል አስተዳደር ያስፈልጋልና፣ ይህ ከሥራው ጋር የሚስማማ ማስረጃ ነው።

ሥራው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የዚያን ዘመን የተሳላሚ ጉዞ ማሰብ ይጠቅማል። ከኢትዮጵያ ደጋ ተነሥቶ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም የሚሻ ሰው ወይ ወደ ቀይ ባሕር ወርዶ በመርከብ፣ ወይም በግብፅ በረሃ አቋርጦ ወራትን መጓዝ ነበረበት። በሽታውን፣ ሽፍታውንና ጥሙን አልፎ የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ የሚመለሰውም ከዚያ ያነሰ ነበር። በ1187 ሳላሃዲን ኢየሩሳሌምን ከመስቀል ጦረኞች እጅ ወሰደ። ትውፊቱም ላሊበላ ወገኖቹ በሩቅ መንገድ እንዳያልቁ በማሰብ፣ ቅድስቲቱን ከተማ በላስታ ተራራ ላይ እንዲያገኟት አደረገ ይላል። ዛሬ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ዮርዳኖስ ይባላል፤ ጎልጎታ አለ፤ ደብረ ሲና አለ፤ ቤተ ልሔም አለ፤ መቃብረ አዳምም አለ። ከታሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ እነዚህ ስሞች በሙሉ በእርሱ ዘመን የወጡ ሳይሆኑ ቀስ በቀስ የተጨመሩ ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ። ይሁን እንጂ ስሞቹ መቼም ይውጡ፣ የቦታው አሠራር ዞሮ የሚሳለምን ሰው ታሳቢ ያደረገ ስለመሆኑ ጠባብ መተላለፊያዎቹ፣ ዋሻዎቹና አደባባዮቹ ይመሰክራሉ።

ላሊበላ ይህን ሁሉ ከባዶ አልጀመረውም። ከእርሱ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ በአቡነ ዮሴፍ ማዶ በሚገኝ ሰፊ ዋሻ ውስጥ፣ ድንጋይና እንጨት በተራ እየደረበ፣ በአክሱም ሥርዓት የታነጸውን ድንቅ ቤተ ክርስቲያን አሠርቶ ነበር። በዚያም ዋሻ ጀርባ የብዙ ሰዎች ዐፅም ይታያል፤ የአገሩ ሰው ለመሳለም መጥተው በዚያው ያረፉ መንገደኞች ናቸው ይላል። የላስታ ተራሮች ከላሊበላ በፊትም የመንፈሳዊ ጉዞ አገር ነበሩ ማለት ነው። ንጉሡ የወረሰው እንግዲህ ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ተራራ መውጣትን የሚያውቅ ሕዝብና የአክሱምን የአናጺነት ጥበብ ያልረሳ ባለሙያ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ምስክር እንምጣ። የላሊበላ ዐለት ከእሳተ ገሞራ የመነጨ፣ ቀላ ያለ፣ በመሮና በመጥረቢያ ሊሠራ የሚችል ድንጋይ ነው። በተለመደው ሕንፃ ከመሠረት ተነሥተን ወደ ላይ እንገነባለን፤ በውቅር ቤተ ክርስቲያን ግን ሥራው የሚጀምረው ከጣሪያው ነው። በመጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ አንድ ወጥ ዐለት ከተራራው ይለያል። ከዚያም ውጫዊው ገጽ ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ ይወርዳል፤ ውስጡም በመስኮትና በበር እየተገባ ይፈለፈላል። ለዚህ ሥራ ከፍ ያለ መወጣጫ ርብራብ አያስፈልግም፤ ድንጋይ ከሩቅ ማጓጓዝም የለም። በአንጻሩ የተቆፈረውን ሁሉ ወደ ውጭ ማውጣት የግድ ነው፤ ከሁሉም በላይ ስሕተት አይታረምም። ግንበኛ የተጣመመ ግድግዳ አፍርሶ ሊሠራ ይችላል። ከዐለት የሚፈለፍል ግን አንድ ዐምድ በስሕተት ከቆረጠ የሚተካው የለውም። ስለዚህም የመጨረሻው ሕንፃ ከመጀመሪያው መሮ በፊት በአሠሪውና በሊቀ ጠራቢው አእምሮ ውስጥ ተጠናቆ መታየት ይኖርበታል።

የሥራውን ስፋት ለመገመት ቤተ መድኃኔ ዓለምን እንውሰድ። ርዝመቱ 33 ሜትር፣ ወርዱ 23 ሜትር፣ ከፍታው 11 ሜትር ገደማ ነው። የሕንፃው የውጭ መጠን ብቻ ከ8,000 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። በዙሪያው የተቆፈረው ቦይ፣ ከውስጡ የወጣው ድንጋይና የተቀሩት አሥር አብያተ ክርስቲያናት ሲታከሉበት፣ ሠራተኞቹ ያነሡት ሸክም ምን ያህል እንደሆነ የሙያ ባልደረቦቼ በራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። ቤተ አማኑኤል የአክሱምን ግንብ የሚመስል፣ ወጣ ገባ እያለ በተራ የሚደረደር ገጽ አለው፤ እንጨቱና ድንጋዩ ሁሉ ከአንድ ዐለት የተቀረጸ ምስል ነው። ለብቻው የቆመው ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ በመስቀል ቅርጽ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ ተፈልፍሏል።

ይህ ዘዴ በዓለም ላይ ለብቻው የተገኘ አይደለም። በሕንድ አገር ኤሎራ በተባለ ስፍራ በ8ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ ዘመን የተሠራው የካይላሳ ቤተ መቅደስ፣ እንደ ላሊበላ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። የሂንዱ ምእመናን የአምላካቸው የሺቫ ማደሪያ ነው የሚሉት የካይላስ ተራራ በሂማላያ በስተ ማዶ ይገኛል፤ ጉዞውም እጅግ አድካሚ ነው። የኤሎራው ቤተ መቅደስ ያንኑ ተራራ በደቡብ ለሚኖረው ሰው አቅርቦ እንዲያሳይ የታሰበ ነው። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ግንኙነት ነበረ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ነገር ግን በሁለት የተራራቁ አገሮች፣ በሁለት የተለያዩ ሃይማኖቶች፣ ሩቅ ያለውን የተቀደሰ ስፍራ ለተሳላሚው ማቅረብ የሚለው አሳብ ወደ አንድ ዓይነት መፍትሔ ማድረሱ የሚያስደንቅ ነው።

የቅርብ ጊዜ ጥናት ዐለቱን በጥንቃቄ ሲመረምር፣ የሥራው ዘመን ከአንድ ንጉሥ ዕድሜ የረዘመ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ቤተ መርቆሬዎስና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል በመጀመሪያ ለአምልኮ ሳይሆን ለምሽግ ወይም ለመኖሪያ ተፈልፍለው፣ ኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያንነት እንደተለወጡ የሚያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። መተላለፊያዎች ተዘግተው ሌሎች ተከፍተዋል፤ የወለል ከፍታም በየጊዜው ዝቅ ተደርጓል። ይህ የላሊበላን ክብር ይቀንሳልን? በእኔ አስተያየት አይቀንስም። ከቀደሙት የተረከበውን ሳያፈርስ፣ የተበታተነውን ዐለት በአንድ አሳብ አስተሳስሮ ሙሉ ከተማ ማድረግ፣ አንድ ሕንፃ ከባዶ ከመሥራት የሚያንስ ጥበብ አይደለም። ዛሬ በከተማ ፕላን ላይ የምንሠራ ሁሉ ችግሩን እናውቀዋለን።

የዚህ አንድነት ዋናው ማሰሪያ ደግሞ የውሃው መንገድ ነው። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት፤ የላስታ ክረምት ኀይለኛ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናቱም ከመሬት በታች በጉድጓድ ውስጥ የቆሙ ናቸው። ውሃው መውጫ ባይኖረው ኖሮ እያንዳንዱ አደባባይ በአንድ ክረምት ኩሬ በሆነ ነበር። ስለዚህ የአደባባዮቹ ወለልና የቦዮቹ መሬት ውሃው ወደ ዮርዳኖስ እንዲወርድ ዘቅዘቅ ብሎ ተሠርቷል፤ በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይም ከዐለቱ የተቀረጹ አሸንዳዎች አሉ። ተሳላሚው ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚሄድበት ቦይ በክረምት የውሃው መውረጃ ነው፤ አንዱ ቁፋሮ ለሁለት አገልግሎት ዋለ። በሕዝቡ ትረካ ላሊበላ የዓባይን ምንጮች አቅጣጫ ሊያስለውጥ አስቦ እንደነበረ የሚነገረውም፣ ስሙ ከውሃ ጋር ምን ያህል ተያይዞ እንደኖረ ያመለክታል።

ለመሆኑ ሠራተኞቹ እነማን ነበሩ? ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አብያተ ክርስቲያናቱን አይቶ በዝርዝር ሲጽፍ፣ አንባቢዎቹ አያምኑኝም ብሎ እንደሠጋ በመጽሐፉ ይታያል። ሥራው በ24 ዓመት እንደተፈጸመና ከውጭ የመጡ ሰዎች እንደሠሩት የነገሩትም ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ለግብፃውያን፣ በኋላም ለአውሮፓ መስቀል ጦረኞች የሰጡ ጸሐፊዎች ተነሥተዋል። የዐለቱ ምስክርነት ግን ሌላ ነው። የበሮቹ ክፈፍ፣ የመስኮቶቹ ቅርጽና የግድግዳው ተራ አክሱማዊ ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ምንጩን ለመለየት አይቸገርም። ትውፊቱ ቀን ሰዎች፣ ሌሊት መላእክት ይሠሩ ነበር ይላል። ምእመናን በዚህ የሚያምኑትን መንካት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ቀን ቀን ስለ ሠሩት ሰዎች መናገር ግን የሙያ ግዴታችን ነው። ድንጋዩን የለኩት፣ የጠረቡትና በቅርጫት የተሸከሙት ባለሙያዎች ስማቸው አልተጻፈም። የላስታ ሰው ልጆች ናቸውና፣ ሥራቸውን ለማይታወቅ እንግዳ አሳልፎ መስጠት በደል ነው።

ላሊበላ በዕድሜው መጨረሻ ዙፋኑን ለወንድሙ ልጅ ለነአኵቶ ለአብ አስረክቦ በጸሎት እንደኖረ ይነገራል። ዕረፍቱ ሰኔ 12 ቀን ይታሰባል፤ መቃብሩም በቤተ ጎልጎታ እንደሆነ ይታመናል። ንግሥት መስቀል ክብራ ባሏን ለማስታወስ ቤተ አባ ሊባኖስን በአንድ ሌሊት በመላእክት ረዳትነት አሠራች የሚለው ትረካ እስከ ዛሬ ለተሳላሚው ይነገራል። ይህ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ብቻ ከተራራው ጋር ተያይዞ፣ ዙሪያው ከዐለቱ የተለየ በመሆኑ አሠራሩ ከሌሎቹ ሁሉ ይለያል። በ1270 ይኩኖ አምላክ የዛጉዌን መንግሥት አስወገደ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ ከላስታ ወጣ። አዲሶቹ ነገሥታት ዛጉዌዎችን ከሥርዓት ውጭ የነገሡ እያሉ ቢነቅፏቸውም፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ላሊበላን በቅዱሳን ተራ አኖረችው፤ ተሳላሚውም መንገዱን አልተወም።

ንጉሡ ካረፈ በኋላ ሥራውን ያቆየው ጥገና ነው። በዚህ ረገድ ያለፉት ሰባ ዓመታት ብዙ ያስተምሩናል። በ1950ዎቹ በተደረገ ጥገና ጣሪያዎቹ በቅጥራን ተሸፈኑ፤ ዐለቱ ግን ውስጡ የገባውን እርጥበት መተንፈስ ስላቃተው ጉዳቱ ባሰ። ከ1966 ጀምሮ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጄሊኒ የመሩት ሥራ ያን ሽፋን አስወግዶ፣ ስንጥቆችን ደፍኖ፣ የተዘጉ የውሃ መውረጃዎችን ከፈተ። በ1978 የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ሆኑ። በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን የሚከልሉ አራት ትላልቅ መጠለያዎች ተተከሉ። መጠለያዎቹ ዝናቡን ቢከለክሉም፣ ለጊዜው ተብለው የተሠሩት ብረቶች ከታሰበላቸው ጊዜ በላይ በመቆየታቸው፣ የከተማው ካህናትና ነዋሪዎች በነፋስ ወድቀው ቅርሱን ያጠፉታል ብለው ሲያሳስቡ ቆይተዋል። በ2019 በኢትዮጵያና በፈረንሳይ መንግሥታት ትብብር አዲስ የጥበቃ ሥራ ተጀመረ። በ2021 ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ደርሶ እጅ ስትለዋወጥ፣ ሥራውም ተሳላሚውም ተቸግሮ ነበር።

ከነዚህ ሁሉ ጥረቶች የምንረዳው፣ የዐለቱ ጠላት ዛሬም ያው ላሊበላ የታገለው ውሃ መሆኑን ነው። ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ያላላል፤ መውረጃው በደለልና በሣር ሲዘጋ በግድግዳው ሥር ይተኛል። የተሳላሚው እግርም ወለሉን በየዓመቱ ይፍቃል፤ እርሱን ግን ልንከለክለው አንችልም፤ ሥራው የተሠራው ለእርሱ ነውና። መጠለያ መትከልና መንቀል ብዙ ገንዘብና ብዙ ስብሰባ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው፤ ውሳኔውም የካህናቱን፣ የነዋሪውንና የባለሙያውን ስምምነት ይሻል። ቦዮቹን በየዓመቱ ከሰኔ በፊት መጥረግ፣ ተዳፋታቸውን መለካት፣ አዳዲስ ስንጥቆችን ቀን እየጻፉ መመዝገብ ግን ከአገራችን ባለሙያዎች ዐቅም በላይ አይደለም። ማኅበራችን ከልዩ ልዩ የሙያ ዘርፍ የተውጣጡ አባላት አሉት። ከእነርሱ ጥቂቶቹ በየዓመቱ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ወደ ላስታ ቢወጡ፣ ከቦታው አገልጋዮች ጋር ሆነው የውሃውን መንገድ ቢመረምሩና መዝገቡን ለተከታዮቻቸው ቢያስረክቡ፣ የላሊበላ ስም የሌላቸው ሠራተኞች የጀመሩት ሥራ ተረካቢ አገኘ ማለት ይቻላል። የሚቀጥለው ክረምት ሰኔ ላይ ይገባል፤ በዚያው ወር በ12ኛው ቀን የአሠሪው መታሰቢያ ይውላል።